ሳይቆጠሩ የኖሩት

ከአዲስ አበባ በዓለም ገና አድርጎ ወደ ቡታጅራ የሚወርድ መንገደኛ አዋሽን ከተሻገረ በኋላ ጢያን ያገኛል። ሜዳው ላይ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ 32ቱ ላይ ሰይፍና ሌላ ምልክት ተቀርጿል። የመቃብር ድንጋዮች ናቸው። ከሥራቸው ያረፉት እነማን እንደነበሩ፣ በምን እንደሞቱ የሚናገር ጽሑፍ ግን የለም። ከመኪና ወርጄ በመካከላቸው ስዘዋወር ሐሳቤ የነበረው የምሄድበት ከተማ ላይ ነው። በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ ጥቂት ቀበሌዎች ማን እንደተወለደ፣ ማን በስንት ዓመቱ እንደሞተ በመዝገብ መያዝ ከተጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

መዝገቡ የተከፈተው በ1986 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ አንድ የከተማና ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችን መረጠ፤ ከዚያ ቤት ለቤት ቆጠራ ተጀመረ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው፣ በእንሰትና በጫት፣ በማረቆ በርበሬ የምትታወቀው አገር ለጤና ተመራማሪዎች እንዲህ በሯን ከፈተች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የአዕምሮ ሐኪም በዚያው መዝገብ ላይ ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ፤ ከነዚህ ሰዎች ውስጥ አዕምሯቸው የታመመው ስንቶቹ ናቸው? ማንስ ያውቃቸዋል?

ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ናቸው። ዛሬ ስማቸውን በሳይንስ ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ የሚያስገባ ሰው ከመቶ በላይ ጥናቶች ይወጡለታል። ከስሙ አጠገብ የጥቅስ ብዛት ይታያል፤ ማለትም ሌሎች ተመራማሪዎች ሥራቸውን በዋቢነት ስንት ጊዜ እንደጠሩት። ከዚያ ዝቅ ብሎ ኤች ኢንዴክስ የሚባለው ቁጥር አለ። ይህን መለኪያ በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የካሊፎርኒያ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 40 ጊዜ የተጠቀሱ 40 ጽሑፎች ካሉት ቁጥሩ 40 ይሆናል። አንድ ጽሑፍ ብቻ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስለት ቁጥሩ አንድ ነው፤ ማንም ያላያቸው ሁለት መቶ ጽሑፎች ቢኖሩት ደግሞ ዜሮ።

መለኪያው ጥቅም አለው። ዕድገት ሰጪ ኮሚቴ ፊት ለሚቀርብ መምህር፣ የምርምር ገንዘብ ለሚጠይቅ ወጣት ዶክተር ያገለግላል። ግን የሚነግረን ስለ ተጠቀሰው ሰው ነው፤ ጥናቱ ውስጥ ስለ ተቆጠረው ሰው ምንም አይልም። በመቶ የሚቆጠሩ ደራሲዎች በተሰለፉበት የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጽሑፍ ላይ ስም ማስፈርና ዝናብ እየወረደ ከቀበሌ ቀበሌ ሄዶ የተሰበሰበ መረጃን መጻፍ እኩል ይመዘኑበታል። በዚያ ላይ ሜዳው ራሱ የተስተካከለ አይደለም። ቪክራም ፓቴልና አቱላ ሱማቲፓላ በ2001 ባወጡት ጥናት የስድስት ታላላቅ የሳይካትሪ ጆርናሎችን ገጾች መርምረው ነበር። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የዓለም ሕዝብ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች የመጣው ጽሑፍ 6 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለ ሰው ልጅ አዕምሮ የሚጻፈው ሳይንስ ስለ ጥቂቶች ብቻ ሲናገር ኖሯል ማለት ነው። ስለዚህ የአንድን ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ሥራ ለመመዘን ጽሑፎቹን አንድ በአንድ ገልጦ ማየት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የፕሮፌሰር አታላይ የዶክትሬት ሥራ በ1997 በኡሜዮ የቀረበ ነው፤ አብሯቸው ከሠሩት መካከል የስዊድኑ የሳይካትሪ መምህር ላርስ ያኮብሶን ይገኙበታል። በ1999 ውጤቶቹ በስካንዲኔቪያ የሳይካትሪ ጆርናል ልዩ ዕትም ላይ በተከታታይ ወጡ። መነሻቸው በቡታጅራ አካባቢ 10,468 አዋቂዎችን በአማርኛ በተዘጋጀ መጠይቅ ማነጋገር ነበር። እንቅልፍ ይነሳዎታል ወይ? ራስ ምታት አለብዎት? የሚያስደስት ነገር ጠፍቶብዎታል? ጥያቄዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ላይ ላዩን ሲታዩ የማይከብዱ። ግን ባለቤትዎ ሜዳ ሆኖ፣ አማትዎ ምድጃ ዳር ተቀምጠው እየሰሙ፣ የማያውቁት ወጣት ደብተር ይዞ «ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ሲልዎት ያስቡት።

ስለ ጫት የተገኘው ከሁሉ በላይ ተጠቅሷል። ከተጠየቁት ግማሾቹ በወቅቱ ጫት ይቅሙ ነበር፤ ከቃሚዎቹም አብዛኞቹ የሚቅሙት ለጸሎት ልባቸው እንዲሰበሰብ መሆኑን ተናገሩ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላኛው፣ ጸጥ ያለው ጥናት ነው። መቶ የአካባቢ ነዋሪዎች ተመርጠው አጫጭር ታሪኮች ተነበቡላቸው፤ የአዕምሮ ሕመም ስም ሳይጠራ ምልክቱ ብቻ የተነገረባቸው ታሪኮች። ይህ ሰው ምን ሆኗል? ወዴት ይወሰድ? ተብለው ተጠየቁ። ነዋሪዎቹ እንደ ሕመም በቀላሉ የለዩት ብዙ የሚለፈልፈውን፣ የሚደባደበውን፣ ያልተለመደ ነገር የሚያደርገውን ነው። ለሰውነት ሕመም ሐኪም ቤትን መረጡ፤ ለአዕምሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባህላዊውን መንገድ። ሰዎቹ የሚያዩትን የማያውቁ አልነበሩም። የሚያውቁት ሐኪም ቤት ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ነገር አልነበረውም፤ ጸበሉና ሼሁ ግን ቅርብ ነበሩ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ባደግሁበት ሰፈር ከአጥር ማዶ አንድ ቤተሰብ ነበር። ቆጣሪ መጥቶ ስንት ናችሁ ሲላቸው እናትየው «ስድስት» አሉ፤ እኔ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ እሰማለሁ። ሰባት ነበሩ። ሰባተኛው ከጓዳው ኋላ በተሠራች ጎጆ ውስጥ እግሩ ታስሮ ይኖር ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ሲዘፍን እንሰማዋለን። እናትየው ክፉ ሰው አልነበሩም። ምግቡን በእጃቸው የሚያጎርሱት እሳቸው ናቸው። ቁጥሩን ለምን እንዳጎደሉት የገባኝ ካደግሁ በኋላ፣ በ2001 የታተመ አንድ የቡታጅራ ጥናት ሳነብ ነው። ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው 178 የታማሚ ቤተሰቦችን አነጋግረው ነበር። ከአራቱ ሦስቱ በዘመዳቸው ሕመም ምክንያት መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናገሩ። 37 በመቶው ዘመዳቸው መታመሙ እንዳይታወቅ ይሻሉ። መጽናኛቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ 65 በመቶው ጸሎት አሉ።

እንግዲህ እንዲህ የሚደበቀውን ሰው እንዴት ትቆጥረዋለህ?

ከ1998 እስከ 2001 በቡታጅራ የተደረገው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነበር። ሥራውን ከፕሮፌሰር አታላይ ጋር የመሩት ዶክተር ደረጀ ከበደ ናቸው፤ ገንዘቡ ከአሜሪካው ስታንሊ የሕክምና ምርምር ተቋም መጣ። ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ 68,378 ሰዎች ተጠየቁ። ስምንት ሺህም አሥር ሺህም አይደለም፤ ስድሳ ስምንት ሺህ ሰው፣ በእግር፣ ቤት ለቤት። አጥኚዎቹ በመጠይቁ ብቻ አልተማመኑም። ጎን ለጎን የአካባቢውን አዋቂዎች «እዚህ ቀበሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ከሁለቱ መንገዶች በአንዱ የተገኘ ሰው ደግሞ በአዕምሮ ሐኪም ይታያል። መጠይቁ ድብርትን የመሳሰሉትን ሕመሞች ይበልጥ ለየ፤ ስኪዞፍሬኒያ ያለበትን ሰው ግን ጎረቤቱ ከመጠይቁ በተሻለ ያውቀዋል። ለእኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ ትልቁ ግኝት ይኸ ነው። ቤተሰቡ «ስድስት ነን» ቢልም ቡና የሚጠጡት ጎረቤቶች ሰባተኛውን ያውቁታል፤ በቅንነት ከተጠየቁ ይናገራሉ።

ከዚህ ቆጠራ 321 ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ተለይተው ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ መድኃኒት ቀምሰው አያውቁም ነበር። ይህ ለቤተሰቦቹ መከራ ነው፤ ለሳይንስ ግን ሌላ ቦታ ሊገኝ የማይችል መረጃ። ምክንያቱም በዓለም ላይ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረ አንድ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በናይጄሪያዋ ኢባዳን፣ በሕንዷ አግራ፣ በኮሎምቢያዋ ካሊና በሌሎች ከተሞች ባካሄዳቸው ጥናቶች ስኪዞፍሬኒያ በደሃ አገሮች የተሻለ ውጤት እንዳለው ተገኝቶ ነበር። የቤተሰብ ትስስር፣ የገጠር ሕይወት፣ የሥራ ቀላልነት ምክንያት ተደርገው ተነገሩ። የመማሪያ መጻሕፍት ደገሙት። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ግን አደጋ ነበረበት። «እነሱማ በራሳቸው ይድናሉ» ከተባለ መድኃኒት ማን ይልክላቸዋል?

ፕሮፌሰር አታላይ ዋና ደራሲ ሆነው በ2009 በስኪዞፍሬኒያ ቡለቲን ያወጡት ጽሑፍ ለዚህ መልስ ሰጠ። በአማካይ ከሦስት ዓመት በላይ ከተከታተሏቸው ሰዎች ሲሶው ያህል፣ 30.8 በመቶው፣ ሕመሙ አንድም ቀን አልለቀቃቸውም። የቀሩት አብዛኞቹ እየተሻላቸው እያገረሸባቸው ኖሩ። ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ከሕመሙ ነፃ ሆነው የቆዩት 5.7 በመቶ ብቻ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ጥድፊያ አልታየባቸውም፤ ሁኔታው ከበለጸጉት አገሮች የተሻለ የሚመስልበት ጎን እንዳለ አልሸሸጉም፤ ግን በታዳጊ አገሮች ሁሉ መልካም ነው የሚለው እንደማያስኬድ ጻፉ። ማን የተሻለ ዕድል እንደነበረውም አሳዩ፦ ሕመሙ ዘግይቶ የጀመረው፣ ከክትትሉ ጊዜ ቢያንስ ግማሹን መድኃኒት የወሰደ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት የሚኖር።

ይህችን የመጨረሻዋን ደጋግሜ አነበብኳት። ጸሐፊዎቹ በቁጥር አስቀምጠው አልፈዋል፤ እኔ እንደገጠር ቤት ልጅ ሳየው ግን ሦስት አዋቂ ማለት አንዱ ሲያርስ አንዱ አብሮት የሚቀመጥ፣ አንዱ ደግሞ ከተማ ሄዶ መድኃኒቱን የሚያመጣ ማለት ነው። ብቻዋን የምታስታምም እናት ይህ ሁሉ የላትም።

አሁን ወደ ቦረና ልውሰዳችሁ። የአዲስ አበባው ቡድን በቡታጅራ አልቆመም፤ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚኖሩትን የዘይ ማኅበረሰብና የደቡቡን ከፊል አርብቶ አደር ቦረና አጥንቷል። የቦረናው ውጤት በ2004 ሲታተም በሠንጠረዡ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ነበር፤ ሳይኮሲስ የሚባለው፣ ሰው ከእውነታ የሚለያይበት ሕመም፣ አልተገኘም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ዝና ያተርፍበት ነበር። ከእብደት ነፃ የሆነ ሕዝብ! የትኛው ጋዜጣ ይህን ይተዋል? ስንት ጊዜስ ይጠቀስ ነበር?

ተሾመ ሽብሬ፣ ሰሎሞን ተፈራ፣ የለንደኑ ክሬግ ሞርጋንና አታላይ ዓለም ግን የራሳቸውን ዜሮ ተጠራጠሩ። ተመልሰው ሄዱ። በዚህ ጊዜ ከመጠይቁ በፊት ውይይት አስቀደሙ፤ ሽማግሌዎቹና ነዋሪዎቹ እንዲህ ያለ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ምን እንደሚያደርግ አስረዱ። ቃል አለው፤ ማራታ ይሉታል። ቃሉ ካለ ሰውየውም አለ። የአካባቢው ሰዎች ጠቆሙ፣ ሐኪሞቹ አዩ፣ ሕመሙም ተገኘ። በ2010 ወርልድ ሳይካትሪ በተባለው ጆርናል ላይ የቀድሞው ውጤት የአጠያየቅ ጉድለት እንደነበረ በግልጽ ታተመ። የአንድ ተመራማሪ ስም ከምን እንደተሠራ ለማወቅ የሚፈልግ ከሁሉ በፊት ይህን ጽሑፍ ቢያነብ እላለሁ። በጥቅስ ብዛት ከሌሎቹ ላይበልጥ ይችላል። ግን ዜሮ ተብለው የታለፉ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሰው ሆነው ተቆጠሩ።

የደራሲዎቹን ዝርዝር በዓመታት ቅደም ተከተል የሚከታተል ሰው ሌላም ነገር ያያል። በሕክምና ጽሑፍ ሥርዓት መጀመሪያ የሚጻፈው ሥራውን የሠራው ነው፤ መጨረሻ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ መሪው። በ1990ዎቹ ከዝርዝሩ ፊት የነበረው «አታላይ» የሚለው ስም እያደር ወደ መጨረሻው ይሸሻል፤ መጀመሪያው ቦታ ላይ ተሾመ ሽብሬ፣ አበባው ፈቃዱ፣ ሰሎሞን ተፈራ ይመጣሉ። እዚህ ደረጃ ለመድረስ ሐኪሙ ራሱ መፈጠር ነበረበት። ለረጅም ጊዜ አገሪቱ ውስጥ የነበሩት የአዕምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩና ውጭ አገር የሠለጠኑ ናቸው። በ1987 በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ በአማኑኤል ሆስፒታል የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ የገጠሩን ሸክም ለዓመታት የተሸከሙት እነሱ ናቸው። በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የስፔሻሊስት ሥልጠና በአገር ውስጥ ከፈተ። የካናዳ መምህራን በየጊዜው ለጥቂት ሳምንታት እየመጡ ያስተምራሉ፤ ሠልጣኙ ግን እዚሁ፣ በራሱ ሕዝብ መካከል ይማራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዕምሮ ጤና ኤፒዲሚዮሎጂ የዶክትሬት ትምህርት ተጨመረ።

ሻርሎት ሃንሎንም ከዚህ ትውልድ ጋር የምትቆጠር እንግሊዛዊት የአዕምሮ ሐኪም ናት። ቡታጅራ ውስጥ 1,065 ነፍሰ ጡሮችን ከእርግዝና ጀምሮ ተከታትላ የእናት ጭንቀት ከተራዘመ ምጥና ከዘገየ ጡት ማጥባት ጋር እንደሚያያዝ ከባልደረቦቿ ጋር አሳይታለች። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ግርማይ መድኅን ስም በነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹ ላይ አለ፤ ቁጥሩን ያጠሩት እሳቸው ናቸው። ጭቃ ረግጠው ቁጥሩን ያመጡት መረጃ ሰብሳቢዎች ግን የሚጠሩት በምስጋና መስመር ነው፤ በጥቅሉ። ይህ የሳይንስ ጽሑፍ ልማድ ነው፤ ልቤ ግን አይቀበለውም።

በቡታጅራው ቆጠራ የተለዩት ታማሚዎች ክትትል አሥር ዓመት ሲሞላው ያ በ1986 የተከፈተው የሞት መዝገብ ሌላ ሥራ ሠራ። አበባው ፈቃዱ በመሩት፣ በ2015 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሳይካትሪ በወጣው ጽሑፍ፣ ከባድ የአዕምሮ ሕመም ከነበረባቸው 919 ሰዎች 121ዱ ሞተዋል። ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ነው። የሞቱት ሊኖሩት ይገባ ከነበረው ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ነው። ገዳዩም ብዙዎቻችን እንደምናስበው ራስን ማጥፋት ብቻ አልነበረም፤ ግማሹ ያህል ተላላፊ በሽታ ነው። ሊታከም የሚችል በሽታ። ሰውየው «እብድ» ስለሆነ ትኩሳቱን ማንም አልጠየቀውም፤ ወይም ጤና ጣቢያው ድረስ የሚወስደው አላገኘም። ጥናቱ ይህን በዚህ ቃል አይልም። እኔ ግን እነዚያን ቁጥሮች ሳነብ ያቺን ከጓዳ ኋላ ያለች ጎጆ አያለሁ።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ብሔራዊ የአዕምሮ ጤና ስትራቴጂ ያወጣችው በ2012 ነው፤ ሕክምናው ከአማኑኤል ወጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ። በዚያው ሰሞን ፕራይም የተባለው፣ ኢትዮጵያን፣ ሕንድን፣ ኔፓልን፣ ደቡብ አፍሪካንና ኡጋንዳን ያቀፈ የምርምር ፕሮግራም ይህን በሶዶ ወረዳ፣ ማለትም ጢያ ባለችበት ወረዳ፣ ይሞክር ጀመር። ትልቁ ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ የጤና ጣቢያ ነርስና ጤና መኮንን፣ ወባና ሳንባ ምች ሲያክሙ የኖሩ ሰዎች፣ ስኪዞፍሬኒያን ሊይዙ ይችላሉ? በ2022 ላንሴት ሳይካትሪ ላይ የወጣ ሙከራ መለሰ። 329 ታማሚዎች በዕጣ ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በሆስፒታሉ በሳይካትሪ ነርስ ክትትላቸውን ቀጠሉ፣ ግማሾቹ በሠለጠኑ ጠቅላላ ባለሙያዎች በአቅራቢያቸው ጤና ጣቢያ ታከሙ። ከአንድ ዓመት በኋላ የጤና ጣቢያዎቹ ከሆስፒታሉ አላነሱም።

ከቡታጅራ ስመለስ ከመንገዱ ዳር ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ረፋድ ነው፤ የክትባት ቀን ስለነበር ግቢው በእናቶች ተሞልቷል። በረጅሙ አግዳሚ ላይ ሕፃን ያቀፉ ሴቶች፣ ትኩሳት የያዘው ሽማግሌ፣ እጁ በጨርቅ የታሰረ ልጅ ተቀምጠዋል። መጨረሻው ላይ አንድ ጎልማሳ ከእናቱ ጋር ካርዱን ይዞ ይጠብቃል፤ የመርፌው ቀን ደርሶ ነው የመጣው። ከፊቱ አራት ሰው አለ። ከጎኑ ያለችው ሴት ልጇን ልታስተካክል ስትል ነጠላዋን ያዝልኝ ብላ ሰጠችው፤ ተቀበላት።